ዝናብ ሲጥል የሚጠፋው ካርታ

ሰው የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ብቻ አይደለም። እኔ የሚከተለውን ታሪክ የተማርኩት ፀጉሬ ስለ ረዘመ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ሰፈራችን ፀጉር ቤት ገባሁ። ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ወንበር፣ ሦስት መስታወትና ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አንድ አግዳሚ አለው። በር አጠገብ ባለው ወንበር የሚሠራው ቤቱን የከፈተው ሰውዬ ነው፤ ሁሉም «ማስተር» ይለዋል። በመሃልና በጥግ ባሉት ወንበሮች የሚሠሩት ሁለቱ ቆራጮች ሙያውን የተማሩት ከእሱ ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛው ሁሉ የሚጠብቀው ማስተርን ብቻ ነው። ማስተር እያለ ሌላ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደ ነውር ይቆጠራል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ማስተር ሲናገረው የሰማም የለም።

አግዳሚው እስከ ጫፉ ሞልቷል። የመሃሉ ቆራጭ ንጹሑን መስታወት ያጸዳል። የጥጉ ቆራጭ እጁን አጣጥፎ መንገድ ያያል። ማስተር ደግሞ ላቡን በክንዱ እየጠረገ የአንድ ባለታክሲ ራስ ላይ ጎንበስ ብሏል። እኔም ማስተር እንዳይቀየመኝ ብዬ ጠባቂዎቹ መካከል ተጣብቤ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ የከተማው ካርታ ቢሮ ኃላፊ ናቸው። ሰፈርተኛው «አባ ካርታ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ካርታ በወረቀት ይሣል በነበረበት ዘመን መንገድና ድልድይ በቀጭን ብዕር ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ካርታው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ብዕሩ ግን አሁንም ከደረት ኪሳቸው አይለይም።

ጥቂት ቆይቶ ቦርሳ ያነገተ አንድ ወጣት ገባ። አባ ካርታን ሲያይ ደንገጥ አለና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? እዚህ አገኝዎታለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔማ የምቆረጠው እዚህ ነው። ማስተር ካልነካው ፀጉሬ አሻፈረኝ ይላል። ይልቅ አንተ ከሰዓት ስብሰባ እያለብህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እርስዎን ያመጣዎት ጉዳይ ነው ያመጣኝ። ለስብሰባው ሰው ልምሰል ብዬ ነው።»

ከንግግራቸው ወጣቱ በአባ ካርታ ቢሮ የኮምፒውተሩን ሥራ የሚመራ መሐንዲስ መሆኑን ተረዳሁ። ባለታክሲው ፎጣውን እንደለበሰ ሳቀ።

«ማስተር፣ ዛሬ ቢሮው በሙሉ እዚህ ነው። ስብሰባውን እዚሁ ያድርጉት እንጂ!»

«ራስህን አታወዛውዝ። ጆሮህን ነገም ትፈልገዋለህ» አለው ማስተር።

መሐንዲሱ አግዳሚውን አየ፤ ባዶዎቹንም ወንበሮች አየ። «እነዚህ ሰው አላቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። የመሃሉ ቆራጭ ጨርቁን ጣል አድርጎ «ና ወንድሜ፣ ና ተቀመጥ» አለው። ድምፁ የሚለምን ይመስል ነበር። መሐንዲሱ ቦርሳውን ሰቅሎ ተቀመጠ።

ማስተር አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አይቶ ሥራውን ቀጠለ። አባ ካርታ ግን አላስቻላቸውም።

«አየህ? ይሄ ነው ያንተ ነገር። ቢሮም እንዲህ ነህ። ባዶ ወንበር ካየህ የማን ነው ሳትል ትቀመጣለህ።»

«ጠይቄአለሁ እኮ ጋሼ።»

«መልስ ሳትጠብቅ!»

«መልሱን ስጠብቅ ስብሰባው ያመልጠኛል። እርስዎስ ተራዎ ሳይደርስ ሰዓቱ ቢደርስ?»

«ተንጨባርሬ እገባለሁ። የማላውቀው እጅ ከሚነካኝ ተንጨባርሬ ብገባ ይሻለኛል።»

የመሃሉ ቆራጭ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ የሚቆርጥበትን ቶንዶስ ግን አላቆመም።

እዚህ ላይ ጠቡ የፀጉር ጠብ እንዳልነበረ ለአንባቢ መግለጽ አለብኝ። በስልካችን የምናየው ካርታ አንድ ትልቅ ሥዕል ይመስለናል። ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ወለል ንጣፍ ጎን ለጎን የተደረደሩ ትናንሽ ቁራጮች ናቸው። ካርታውን በጣታችን ገፋ ባደረግነው ቁጥር ስልካችን «የሚቀጥለውን ቁራጭ ስጠኝ» ብሎ ወደ ካርታ ቢሮው ጥያቄ ይልካል። ጥያቄውን ተቀብሎ ቁራጩን የሚሰጠው ማሽን ሰርቨር ይባላል። በአባ ካርታ ቢሮ የሚሠራው ሰርቨር አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም «እናት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በደህና ቀን እናት ለሁሉም ትዳረሳለች። ዝናብ ሲጥል ግን ዝቅተኛ ሰፈሮች በጎርፍ ይዘጋሉ፤ ከተማውም በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለማወቅ በአንድ ጊዜ ስልኩን ይከፍታል። ያን ጊዜ እናት ትታነቃለች። ስልኩ ላይ በመንገድ ፋንታ ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል።

በዚህ ከሁሉ የበለጠ የተማረረው የአምቡላንስ አገልግሎቱ ነው። የዚያን ዕለቱ ስብሰባ የመጨረሻ ነበር። ቢሮው መፍትሔ ካላቀረበ አምቡላንሶቹ ካርታውን ትተው እንደ ድሮው መንገደኛ እየጠየቁ ሊሄዱ ነው። መሐንዲሱ «ጥያቄዎቹን ለሦስት ሰርቨሮች እናከፋፍላቸው» ይላል። አባ ካርታ እምቢ ብለዋል። እሳቸው ካልፈቀዱ ደግሞ ምንም አይሆንም። ነገሩን ያከበደው ሌላም አለ፤ የአባ ካርታ ልጅ አምቡላንስ ላይ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ጋሼ» አለ መሐንዲሱ በመስታወቱ ውስጥ እያያቸው፣ «እንግዶች ፊት ከምንከራከር እዚሁ ብንጨርሰው ምን ይመስልዎታል?»

«እኔ የምጨርሰው ነገር የለኝም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ካርታው አንድ ነው፤ ቤቱም አንድ ነው።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባልስ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ያ ግን ሃምሳውም ሎሚ ሲሆን ነው። አንዱ ሎሚ፣ ሌላው ሽንኩርት ይዞ ቢመጣ ምን ጌጥ አለው?»

«ጉንፋን ለያዘው ሁለቱም ይሆናል» አለ ባለታክሲው። ማስተር ራሱን ይዞ አቃናው።

አባ ካርታ ዳኛ የፈለጉ ይመስል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ፍረድ። ባለፈው ክረምት ይሄው ሰው ለምኖኝ ሁለተኛ ማሽን አስገባን። ግማሹን ጥያቄ እናት፣ ግማሹን አዲሱ ይመልስ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የአምቡላንስ ሹፌር ቢሮዬ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ምን ባይ ጥሩ ነው? መንገዱ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ መሃል፣ ሁለቱ ቁራጮች የተገጣጠሙበት ስፌት ላይ ሲደርስ፣ ወንዝ ውስጥ ይገባል! የግራው ቁራጭ አዲሱን ድልድይ ያውቃል፤ የቀኙ ቁራጭ ድልድይ መሠራቱን አልሰማም። ሹፌሩ ምን አለኝ መሰለህ? ‹አባ፣ ለመኪናዬ መቅዘፊያ ይገዛልኝ ወይ?›»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባ ካርታ አልሳቁም።

«የዚያኑ ቀን በገዛ እጄ ሶኬቱን ነቀልኩት። ማስተር የራሴን ግራ ጎን፣ የጥጉ ቆራጭ ቀኙን ቢቆርጠኝ ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ካርታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይገድላል።»

በእውነቱ የሽማግሌው ነገር ከንቱ ግትርነት አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ያዩት ግን እውነተኛ እባብ ነው። መሐንዲሱም ይህን ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ግን እንዳይቆጡኝ።»

«የሚያስቆጣ ከሆነ እቆጣለሁ። ጠይቅ።»

«ያን ድልድይ ካርታው ላይ ያስገባው ማነው?»

«ማን ያስገባዋል? እኔ ነኝ። በእግሬ ተሻግሬ፣ በእጄ ለክቼ።»

«የት ላይ አስገቡት?»

«የት ላይ ማለት ምን ማለት ነው? እናት ላይ ነዋ! እንደ ልማዴ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ፊቷ ቁጭ ብዬ።»

«ሁለተኛው ማሽን ላይስ?»

«ሁለተኛው...»

የአባ ካርታ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ ብዕሩን ነካ አደረገና ተመለሰ።

በወረቀቱ ዘመን ዋናው ካርታ አንድ ሉህ ነበር። አንድ ነገር ሲለወጥ እሱ ላይ በብዕር ይቃናል፤ በዚያው ያበቃል። ካርታው ማሽን ውስጥ ሲገባም አባ ካርታ ልማዳቸውን ይዘው ገቡ። ማሽኑን እንደ ወረቀት ቆጥረው፣ በየቀኑ ፊቱ ተቀምጠው የዕለቱን እርማት በቀጥታ እሱ ላይ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ማሽን ሲመጣ ግን እርማቱን የነገረው የለም። መጀመሪያ የተገለበጠለትን ካርታ ይዞ፣ ድልድዩ ሳይሠራ በነበረበት ከተማ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚደርሰው ካርታውን ከልቡ የሚወድ ሰው ባለበት ቢሮ ብቻ ይመስለኛል።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ‹መጀመሪያ ድልድዩን ተሻገር፣ ከዚያ ታወራኛለህ› ብለው በሩን ዘጉብኝ።»

«ብያለሁ?»

«ብለዋል።»

«አልዋሽም፤ አነጋገሩ የኔን ይመስላል» አሉ አባ ካርታ።

በዚህ መሃል ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደ። መንገደኞች እየሮጡ በየበረንዳው ተጠለሉ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ የተነጋገረ ይመስል፣ ስልኩን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ጥቂት ቁራጮች መጡልኝ፤ የአንድ አደባባይ ግማሽና የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ። ከዚያ ቆመ። የቀረው ግራጫ ነው።

«ወንዙ ዳር ያለው መንገድ ተዘግቶ ይሆን?» አለ ባለታክሲው ስልኩን ከፎጣው በታች እያየ። «የኔ ግራጫ ሆኗል።»

«ባለካርታው እዚሁ አሉልህ። እሳቸውን ጠይቅ» አለ ማስተር። በዚህ ግን ማንም አልሳቀም።

አባ ካርታም የራሳቸውን ስልክ ያያሉ። የእሳቸውም ግራጫ ነበር። ካርታውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ የተናገረችውን ሁላችንም ሰማን።

«የት ነሽ ልጄ?»

«መኪና ውስጥ ነኝ አባዬ። ሰው ጭነናል።»

«ካርታው ይታይሻል?»

«ግራጫ ነው። ሹፌሩ መስኮት አውርዶ ሰው ሊጠይቅ ነበር፤ በዚህ ዝናብ ሰው የታለና! ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመናል። በየት ነው የምንወጣው?»

አባ ካርታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከዳቦ ቤቱ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ዳገቱን ይዛችሁ ውጡ። የታችኛውን መንገድ እንዳትነኩት፤ እሱ ይሞላል።»

«እሺ አባዬ» አለች፤ ስልኩም ተዘጋ።

ባለታክሲው «በሉ እንዲህ ነው እንጂ! ምን ማሽን ያስፈልጋል?» አለ። አባ ካርታ ግን ፊታቸው አልተፈታም። መሐንዲሱ ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ፤ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ለአንዱ አምቡላንስ ነገሩት። ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ የኔን ቁጥር አያውቁም።»

«ቢያውቁትም እኮ በአንድ ጊዜ የሚያነሡት የአንዱን ነው። የቀረው ‹ተይዟል› ይባላል። እናትም የሆነችው ይህንኑ ነው። አላጠፋችም፤ አንድ ብቻ ሆና ነው።»

አባ ካርታ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «በል ንገረኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው። ያን የባለሙያ ቋንቋህን ተውና እንደ ሰው ንገረኝ።»

«መልካም። ጥያቄው ሁሉ የሚገባበት አንድ በር ይኖራል። በሩ ላይ አከፋፋይ ይቆማል። አከፋፋዩ ራሱ ካርታ አይሰጥም። የትኛው ሰርቨር ሥራ እንደቀለለው አይቶ፣ ‹አንተ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ› ብቻ ነው የሚለው።»

«ለምን ይህን ሁሉ? እናትን በትልቅ ማሽን ብንቀይራትስ?»

«ትልቅም ቢሆን አንድ ነው ጋሼ። ሲታመም የሚተካው የለም። ማስተር ሲታመም ይህ ቤት ምን ይሆናል?»

ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ስላልታወቀ የመሃሉ ቆራጭ መለሰ። «ባለፈው ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ሲሰነብት ክፍት ነበር። እኛ ነበርን። ሰው በር ድረስ እየመጣ ‹ማስተር የለም?› ብሎ ይመለስ ነበር።»

ማስተር መቀሱን አቆመ። ይህን የሰማ ዛሬ ገና ይመስላል።

«እሺ ይሁን» አሉ አባ ካርታ። «ታዲያ ከተማውን ለምን አንከፍለውም? ወንዙ ዳር ያለው ለአንዱ ማሽን፣ ዳገቱ ለሌላው። ሁሉም የራሱን ይይዛል፤ አይጋጩም።»

«ዝናብ ሲጥል ሰው የሚያየው የትኛውን ነው?»

«ወንዙን ነው» አሉ አባ ካርታ። «ወረቀት በምንሸጥበት ጊዜም ክረምት ሲገባ ከመደርደሪያው የሚያልቀው ያ ሉህ ነበር፤ ሌላውን አቧራ ይበላዋል።»

«ይኸው መለሱት። የወንዙ ማሽን ይታነቃል፤ የዳገቱ ማሽን እጁን አጣጥፎ መንገድ ያያል።»

የጥጉ ቆራጭ ያጣጠፈውን እጁን ፈታ።

«ስለዚህ ሦስቱም ሰርቨሮች ከተማውን በሙሉ ይያዙ» ሲል መሐንዲሱ ቀጠለ። «ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወንዙን ቢያይም ሸክሙ ለሦስት ይካፈላል። ክረምት ሲገባ አራተኛና አምስተኛ መጨመር ይቻላል፤ ሲወጣም ይቀነሳሉ።»

«አከፋፋዩ ቢሳሳትስ? የሞተ ማሽን ላይ ጥያቄ ቢያፈስ?»

«በየጥቂት ሰከንዱ ‹አለህ?› እያለ ይጠይቃቸዋል። ‹አለሁ› ያላለው እስኪድን ድረስ ጥያቄ አይላክለትም። ተጠቃሚው ይህ መሆኑንም አያውቅም።»

«ራሱ አከፋፋዩስ? በር ጠባቂ አይሞትም?»

«ይሞታል። ስለዚህ ተጠባባቂ ይኖረዋል።»

«ለጠባቂው ጠባቂ! ቀጥለህ ለሱም ሌላ ልትል ነው። ቢሮው ዘበኛ ብቻ ሆኖ ቀረ በለኛ።»

«ሁለት ይበቃል ጋሼ» አለ መሐንዲሱ እየሳቀ።

አባ ካርታ አልሳቁም። የመጨረሻውንና ዋናውን ጥያቄ ሲጠይቁም ወደ መሐንዲሱ አላዩም።

«ብዕሬስ? ብዕሬን ልትወስዱብኝ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የክርክሩ ሥር የገባኝ። ሰው አዲስ ነገርን የሚፈራው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈራው «በዚህ አዲስ ቤት ውስጥ የኔ መቀመጫ የት ነው?» ብሎ ነው። ሊያስተምር የሚነሣ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሌላውን ሁሉ ቢመልስ ድካሙ ከንቱ ነው። መሐንዲሱ ግን የተዘጋጀበት ይመስላል።

«ብዕሩ እርስዎ ጋ ይቆያል። እናት ከበሩ ትነሣና ጓዳ ትግባ፤ የዋናው ካርታ ማኖሪያ ትሁን። እርስዎ እንደ ልማድዎ እሷ ላይ ብቻ ያቃናሉ፤ ሦስቱ ከእሷ ይቀዳሉ። እያንዳንዱ እርማት የእትም ቁጥር ይኖረዋል። ሦስቱም አዲሱን እትም እስኪይዙ ድረስ ሁሉም የቀድሞውን ይሰጣሉ፤ ሲሟሉ አንድ ላይ ይቀይራሉ። ግማሽ ድልድይ የሚባል ነገር አይኖርም።»

«አንዱ ሳይቀዳ ቢቀርስ?»

«አከፋፋዩ እትሙን ይጠይቀዋል። የድሮውን እትም የያዘ ሰርቨር አንድም ጥያቄ አይደርሰውም። ጋሼ፣ የኔ ሐሳብ አጭር ነው፤ ብዕሩ አንድ ይሁን፣ መስኮቱ ይብዛ።»

ማስተር የባለታክሲውን አንገት በብሩሽ እየጠረገ «አባ» አላቸው፣ «ከርስዎ በፊት ገና ብዙ ሰው አለ። ስብሰባው እንዳያመልጥዎ።»

አባ ካርታ ከአግዳሚው ተነሡ። የሚወጡ መስሎን እግራችንን ሰበሰብን። እሳቸው ግን በሩን ትተው ወደ ጥጉ ወንበር ሄዱና ተቀመጡ። የጥጉ ቆራጭ ለጥቂት ጊዜ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ከዚያ ፎጣ አምጥቶ አለበሳቸው።

«እንዴት ልቁረጥዎ አባባ?»

«ማስተር እንደሚቆርጠኝ።»

ቆራጩ ወደ ማስተር ተመለከተ። ማስተር ፊቱን ሳያዞር፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረ። «ጎኑንና ኋላውን በሁለት ቁጥር። አናቱን በመቀስ ብቻ፤ ቶንዶስ እንዳታስነካው። ከግራ ጆሮው በላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ እሱ ላይ ረዘም አድርገህ ተወው።» የመሃሉም ቆራጭ፣ ለሌላ ቀን እንዲሆነው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አዩ ጋሼ...» ብሎ መሐንዲሱ ጀመረ።

«ዝም በል። ገብቶኛል» አሉት።

ሥራው ሲያልቅ አባ ካርታ ተነሥተው ወደ መስታወቱ ተጠጉ። በግራ ዞረው አዩ፤ በቀኝ ዞረው አዩ። የተጣጠፈ ካርታ እንደሚመረምር ሰው ረጅም ጊዜ ወሰዱ።

«ስፌቱ የታለ?» አሉ።

«የምን ስፌት አባባ?»

«ምንም። የለም» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ማስተር ፎጣውን አራግፎ ወደ አግዳሚው ዞረ። «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ባዶ ወንበር አይታያችሁም? እኔን ጠብቁ ያልኩት መቼ ነው? ወገቤ ሊቆረጥ ነው እኮ!»

እርስ በርስ ተያየን። ማስተር እንዳይቀየም ብለን ስንጠብቅ፣ እሱ ደግሞ እኛ እንዳንቀየም ብሎ ሲደክም ኖሯል። መሐንዲሱ ተቆርጦ ተነሥቶ ስለነበር የመሃሉ ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ። አለቃና ሠራተኛ በአንድ ጃንጥላ ወጡ። ጃንጥላውን ማን ይያዝ በሚለው ሲከራከሩ ይሰማኝ ነበር።

በስብሰባው የሆነውን በኋላ መሐንዲሱ ፀጉር ቤት ሲመጣ ነገረን። እሱ ብዙም መናገር አላስፈለገውም። የአምቡላንስ ሰዎች ሲጠራጠሩ፣ «አንዱ ማሽን ቢሳሳትስ?» ሲሉ፣ አባ ካርታ ራሳቸው ተነሥተው ስለ አከፋፋዩና ስለ እትሙ ቁጥር አስረዷቸው። «ብዕሩ አንድ ይሁን፣ መስኮቱ ይብዛ» ያሉትንም የራሳቸው አስመስለው ነው አሉ። መሐንዲሱ ዝም ብሎ ሰማ። ጥሩ ሐሳብ ባለቤቱን ቢቀይር ምንም አይደለም፤ ዋናው መሠራቱ ነው።

ተሠራም። ዛሬ ካርታው በዝናብ አይጠፋም። ባለፈው ጊዜ ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱ ተቃጥሎ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ሲጠገን ከተማው አላወቀም። ድሮ ቢሆን በየበረንዳው ስድብ ይሰማ ነበር። አባ ካርታ አንድ መንገድ ሲያቃኑ እርማቱ ለአምቡላንስ ሹፌሩም ለባለታክሲውም አንድ ላይ ይደርሳል። ፀጉር ቤቱም ተለውጧል። የመጣ ሰው ባዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማስተር ከወንበሩ ሆኖ አቆራረጡን ይናገራል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ሳንሠራው የቆየነው ከብዶን አልነበረም። አንድ እጅ ብቻ ማመን ታማኝነት መስሎን ነው።

በቅርቡ ደግሞ ፀጉሬ ረዝሞ ወደዚያው ሄድኩ። አባ ካርታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን፤ ካርታው ወዲያው መጣ፤ የተዘጋው መንገድ በቀይ ይታያል። አባ ካርታ ግን ስልካቸውን አልከፈቱትም። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር።

የመሃሉ ቆራጭ ወንበሩን አራግፎ «ይምጡ አባባ» አላቸው።

«ቆይ፣ ልጄ መንገድ ልትጠይቀኝ ትደውል ይሆናል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየ። ስልኩ አልጠራም። ዝናቡ አባራ፤ አሁንም አልጠራም። አባ ካርታ ስልኩን አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ብዕራቸው ያለበት ኪስ ውስጥ ከተቱትና ፈገግ ብለው ወደ ባዶው ወንበር ሄዱ።